ብርዱ የመጣው ከታች ነው

አዳማ ላደገ ሰው ብርድ የሌላ አገር ወሬ ነው። ቀን ቀን ፀሐይዋ ታነድደናለች። ማታ በረንዳ ላይ በቲሸርት ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን። ከተማዋ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናት። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቅቀዋል። ክረምት ላይ ደመናው ያን ሙቀት ይዞ ያቆይልናል። በበጋ ግን የሚይዘው የለም። ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው ይህን አያስተውልም። እኔም አላስተዋልኩም ነበር።

አምና ታኅሣሥ ላይ በገዛ እጄ በሠራኋት ጎጆ ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አደርኩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ሁለተኛውን ተኛሁ፣ ያውም ጥሩ አድርጌ። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። ለእርሻ ጥበቃም ይሁን ለጉዞ፣ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር ሜዳ ለማደር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ ያየሁትን ሌሊት ባታዩት ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ጤፍ ያርሳል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ውቂያው ግን ገና ነበር። የተከመረ እህል ደግሞ ብቻውን አያድርም። ከብት ይገባበታል፣ ከርከሮ ይመጣበታል፣ እጁ የማያርፍ ሰውም አይጠፋም። ሌሊት የሚጠብቀው የአክስቴ ልጅ ነበር። እሱ አሞት ወደ ከተማ ሲመጣ «ጋሼ፣ እስኪሻለው እኔ ልሂድልህ» አልኩት አጎቴን።

እውነቱን ለመናገር እሱን ለመርዳት ብቻ አልነበረም። ጫካ ገብተው፣ ቅርንጫፍ ደርድረው፣ በረዶ መሃል የሚያድሩ የፈረንጅ ቪዲዮዎችን ስልኬ ላይ ሳይ ነው የማመሸው። አንድ ቀን እሞክረዋለሁ እል ነበር። የአክስቴ ልጅ ዳስ በነፋስ ተገፍቶ በጎኑ ወድቋል አሉኝ። በልቤ ደስ አለኝ። የራሴን እሠራለሁ ማለት ነው።

አጎቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ። «እሳት የሚባል አይነሣም። ክብሪትም ይዘህ እንዳትመጣ።»

አልተከራከርኩም። አንድ ፍንጣሪ የዓመት ቀለብ ይጨርሳል። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ግን መሃላቸው ላይ እሳት አለ። እሳት ሲወጣ ምን እንደሚቀር ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

ጠዋት ከመናኸሪያ የወለንጪቲ ሚኒባስ ያዝኩ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ አጎበር፣ ባትሪ፣ በፔርሙስ ሻይ፣ በሶ እና ቆሎ ይዣለሁ። ጫጩት ከሚያሳድግ ጓደኛዬ ደግሞ የሙቀት መለኪያ ተዋስኩ። የጫጩት ቤት ውስጥ የሚሰቅለው ትንሽ ነገር ናት። ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ እሷ ነች።

የጎጆው አጥንት ቀላል ነው። ሁለት ባላ ትተክላላችሁ። በላያቸው አንድ ረዘም ያለ አጣና ታጋድማላችሁ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ቀጫጭን እንጨት ታስደግፋላችሁ፣ ማገር ትመቱበታላችሁ፣ በቃጫ ገመድ ታስራላችሁ። ለእንጨቱ የቆመ ዛፍ አልነካንም። የወደቀው ዳስ ባላና አጣና ደህና ነበር። የጎደለውን አጎቴ ከግቢው ሰጠኝ። በዚያ አካባቢ ግራር እየሳሳ ነው። ለአንድ ሌሊት ጨዋታ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ክዳኑን ለመሥራት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚከደነው። የላይኛው እቅፍ የታችኛውን ጫፍ ይሸፍነዋል። ሳሩን በትንንሽ ነዶ እያሰርኩ ደረደርኩ። ከውስጥ ደግሞ ጥቁር ላስቲክ ወጠርኩበት። ቁመቱን ቀጥ ብዬ እንድቆምበት አድርጌ ሠራሁት። በሩን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ ከቦሰት ተራራ በኩል የምትወጣዋን ፀሐይ ተኝቼ ላያት። መሬቱ ላይ ጥቂት ጭድ በተንኩ። አንዱን ብርድ ልብስ በጭዱ ላይ አነጠፍኩ። የመኝታውን ነገር ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረስኩት።

ስጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት። አማረብኝ።

12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገባች። እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሁሉም ደስ የሚል ነበር። ክዋክብቱ እንደዚያ ሲበዙ አይቼ አላውቅም። ማዶ በጅቡቲ መስመር የሚያልፉት ከባድ መኪኖች መብራታቸው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይታያል። የአጎቴ ውሻ መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ። በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፣ ሻዬን ጠጣሁ፣ ገብቼ ጋደም አልኩ።

4 ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሣ።

አውድማ የት እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ነፋስ የሚያገኘው ገላጣ ቦታ ላይ ነው። ሲወቃ ፍሬው ከገለባው የሚለየው በነፋስ ነውና ገበሬ ቦታውን ሲመርጥ ነፋሱን አይቶ ነው። ስለዚህ ጎጆዬን የሠራሁት በአካባቢው ካለው ሁሉ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ ላይ ነበር። በበጋ ደግሞ ነፋሱ የሚመጣው ከምሥራቅ በኩል ነው። በሬን በቀጥታ ከፍቼ ጠበቅኩት። ጎጆዋ ነፋስ ሲገባባት እንደ ከበሮ ትነፋለች። ኬሻ አንጠልጥዬ ልዘጋው ሞከርኩ፣ እየተገለበጠ ፊቴን ይመታኛል።

6 ሰዓት አካባቢ ነፋሱ ጋብ አለ። አሁን እተኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው ሌላው ብርድ የመጣው። ይሄኛው ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ዳሌዬ ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎ ትከሻዬ። በጎኔ ስዞር ያኛው ጎኔ ይቀዘቅዛል። ከላይ ብርድ ልብሱም ጋቢውም አለኝ፣ ደረቴ ደህና ነው። ከሥሬ ግን አንድ ሰው ሙቀቴን እየቀዳ የሚወስድ ነው የሚመስለው። ጋቢውን ከላዬ አንሥቼ ከሥሬ አደረግኩት። ትንሽ ተሻለኝ፣ ከላይ ግን ጎደለ። ሌሊቱ አልነጋ አለኝ።

11 ሰዓት ላይ በባትሪ መለኪያዋን አየሁ። ውጭ 9 ዲግሪ፣ ውስጥ 10። ቀኑን ሙሉ የደከምኩበት ጣሪያ ያተረፈልኝ አንድ ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ ላስቲኩ ማላብ ጀምሯል። ትንፋሼ እየወጣ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ ይልብኛል። ብርድ ልብሴ ትከሻው ላይ ረጥቧል። ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ስለነበር ወጥቼ እስኪነጋ ድረስ ክምሩን ስዞር ቆየሁ።

አጎቴ ፀሐይ ሳትሞቅ ቡና በፔርሙስ ይዞ መጣ። ፊቴን ሲያይ ምንም አልጠየቀኝም። ጎጆዋን ዞሮ አያት። ጣሪያውን በእጁ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ፣ ወዶታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባና መዳፉን በመኝታዬ መሃል ተጫነው። ብርድ ልብሱ ገባ፣ ጭዱም ገባ፣ እጁ መሬት ላይ ቆመ።

«ቤት ሠርተሃል» አለኝ። «አልጋ ግን አልሠራህም።»

ይቺን ንግግር ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ከላያችን ያለው ልብስ የሚያሞቀን በውስጡ አየር ስለያዘ ነው። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት በቀላሉ አያልፍበትም። ጭድም እንዲሁ ነው። ስንተኛበት ግን ክብደታችን አየሩን ጨምቆ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ በሰውነታችንና በመሬት መካከል የቀረ ነገር የለም። መሬቱ ደግሞ ሰፊ ነው፣ የቱንም ያህል ብናሞቀው አይጠግብም። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ብትደርቡ ከታች የሚሄደውን አይመልሱላችሁም። ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ካላችሁ አንዱን ከሥራችሁ አድርጉት፣ እሱም ከበታቹ ወፍራም ነገር ካለ ነው የሚሠራው።

ያን ቀን ጣሪያውን ትተን አልጋውን ሠራን። መጀመሪያ የበቆሎ አገዳ አመጣን። አንዱን ድርድር በቁመት፣ ሁለተኛውን በአግድም አነጠፍን። አገዳ በቀላሉ አይጨፈለቅም፣ ከመሬቱ ከፍ ያደርጋል። በላዩ ላይ ጭድ። እዚህ ላይ የእናቶቻችንን የጭድ ፍራሽ አስቡ። ልቅ ጭድ ሌሊቱን ሙሉ ከሥራችሁ እየሸሸ ወደ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ አራት ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ወስደን እስኪወጠር ጭድ ጠቀጠቅንበት፣ አፉን ሰፋን፣ ጎን ለጎን አስተኛነው። ስተኛበት ከሥሬ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይቀራል። መለኪያው ይህ ነው፦ ስትተኙበት የሚቀረው ውፍረት። ገና ሳትተኙበት ክንድ ቢያክል አትመኑት። ተኙበትና እጃችሁን ከዳሌያችሁ ሥር አስገብታችሁ ተጫኑ። መሬቱ ከተሰማችሁ ጨምሩ።

በመጨረሻ አጎቴ ከቤቱ አጎዛ አመጣልኝ። ጠጉሩ እንዳለ ነው። አጎዛ ያለው ሰው ብዙ ነገር አለው። ጠጉሩ ሲጫኑት እንደ ጥጥ አይተኛም።

ሁለተኛው ሥራ ጎጆዋን ማሳነስ ነበር። ባላዎቹን ነቅለን፣ አሳጥረን፣ ከክምሩ በስተምዕራብ ስድስት ርምጃ ላይ ተከልናቸው። ክምሩ ራሱ የነፋስ ግድግዳ ሆነልን። ቁመቷ አሁን ከወገቤ ትንሽ ከፍ ይላል፣ በርከክ ብዬ ነው የምገባው። ቆማችሁ የማትሠሩበትን ቦታ ለምን በትንፋሻችሁ ታሞቃላችሁ? በሩን ከነፋሱ ተቃራኒ አደረግነው። «ታዲያ ክምሩን በምን አየዋለሁ?» አልኩ። አጎቴ «ጠባቂ ሌሊት የሚጠብቀው በጆሮው ነው» አለኝ። ውሻውም አለ። በሩን ለመዝጋት ሌላ ከረጢት ጭድ ሞልተን እንደ ቡሽ የሚወተፍ አደረግነው። ላስቲኩን ከውስጥ አውጥተን በሳሩ ላይ ከውጭ ደረብነው። ከራስጌው በላይ ደግሞ አንድ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ተውን፣ ትንፋሹ እንዲወጣ። ቀዳዳ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አትድፈኑት። እርጥብ ብርድ ልብስ ከቀዳዳ የበለጠ ይቀዘቅዛል።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ልበል። እኔ በአውድማው ምክንያት እሳት ተከልክያለሁ። እናንተ የምታድሩበት ቦታ ላይከለከል ይችላል። ውጭ አንድዳችሁ ሙቁ፣ ውሃ አፍሉ። ወደ ጎጆው፣ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ክፍሉ ግን የከሰል ምድጃ ይዛችሁ አትግቡ። ጭሱ ቢጠፋም፣ ከሰሉ ቢቀላም፣ አመድ ቢለብስም አትግቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው ራስ ምታትና ድካም ይሰማዋል፣ እንቅልፍ መጣ ብሎ ይተኛል፣ አይነሣም። ከሰል አንድደው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቀዳዳዋ ለትንፋሽ እንጂ ለከሰል አትበቃም።

ልብስን በተመለከተ የመጀመሪያው ቀን ሌላ ስሕተት ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ያላበኝን ቲሸርት ለብሼ ነው የተኛሁት። ጥጥ ሲደርቅ ያሞቃል፣ ሲረጥብ ሙቀት ይሰርቃል። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ሳትገባ ሥራ አቆምኩ፣ ሰውነቴን አደረቅኩ፣ ከውስጥ ጀምሮ ደረቅ ልብስ ቀየርኩ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ካልሲ ይኑራችሁ። ራሳችሁን በኮፍያ ወይም በሻሽ ሸፍኑ። ፊታችሁን ግን ብርድ ልብስ ውስጥ አትቅበሩ፣ ትንፋሻችሁ ያረጥበዋል።

ምግቡም ያው ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው አይሞቅም። በሁለተኛው ምሽት የአጎቴ ባለቤት የላከችልኝን ሽሮ በእንጀራ በላሁ፣ ሌሊት ለሚመጣው ብርድ ደግሞ ቆሎ ራስጌዬ አስቀመጥኩ። ፔርሙሱ ውስጥ የተረፈውን ሙቅ ውሃ ጠንካራ ክዳን ባላት ትንሽ ጀሪካን ቀድቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ እግሬ መካከል አደረግኳት። በተራ የሃይላንድ ጠርሙስ የፈላ ውሃ አትሙሉ፣ ይኮማተራል፣ ይፈሳል። ሽንት ሲመጣ ደግሞ ተነሡ። ብርዱን ፈርቶ ይዞ መቆየት እንቅልፍን ብቻ ነው የሚያባርረው።

እነዚህን ደግሞ ከአጎቴ ነው የተማርኩት። ጭድ ስታመጡ ከአሮጌ ክምር ሥር አትውሰዱ። ጊንጥና እባብ የሚያርፉት እዚያ ነው። ከላይ ውሰዱ፣ ፀሐይ ላይ በትናችሁ አራግፉት። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ እግራችሁን አታስገቡ። የኛ አካባቢ የወባ አገር ነው። ወባ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ ታኅሣሥ ሲገባ ግን ወዲያው አይጠፋም። አጎበሩን ከአግዳሚው ላይ አስሬ ጫፉን ከከረጢቶቹ ሥር ወተፍኩት። ብቻችሁን ከሆናችሁም የት እንደምታድሩ የሚያውቅ ሰው ይኑር። እኔ አጎቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ስልኬን ጨብጬ ነበር።

ሁለተኛው ሌሊት እንደ መጀመሪያው ጥርት ያለ ነበር። ነፋሱ በ4 ሰዓት ተነሣ። በክምሩ ላይ ሲያልፍ እሰማዋለሁ፣ እኔ ጋ ግን አይደርስም። ከረጢቱን በሩ ላይ ወተፍኩ፣ አጎዛው ላይ ተኛሁ፣ ጋቢና ብርድ ልብሱን ደረብኩ። ዳሌዬ መቼ ይቀዘቅዝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት ውሻው ሲነሣ ነው። 11 ሰዓት ሊሆን ነው። መለኪያዋን አየሁ። ውጭ 9፣ ውስጥ 12። ካለፈው ሌሊት የሚለየው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ እጄን ከአጎዛው ሥር አስገባሁ። ሙቅ ነበር። በከረጢቶቹ መካከል አልፌ መሬቱን ነካሁት። እንደ ትናንቱ በረዶ ነው። ያው ብርድ፣ ያው መሬት፣ በመካከላችን ግን ስንዝር ተኩል ጭድ አለ። ተመልሼ ተኛሁ። ፀሐይ ስትወጣ አላየኋትም፣ በሩ ወደ ምዕራብ ነበርና።

በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ተሽሎት ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ጋደም አለ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አልጋውን እንዳታፈርሱት» አለን። እስከ ውቂያው ድረስ እዚያው አደረበት። እህሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ከረጢቶቹን ፈትተው ጭዱን ለበሬዎቹ ሰጧቸው። አጎዛው ግን እኔ ጋ ነው። ስመልስለት አጎቴ «ለሚመጣው ታኅሣሥ ያዘው» አለኝ።